«ለማንም እንዳትነግሪብኝ» ብላ አስምላኛለች

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 16 ነው፤ 11ኛ ክፍል ነኝ። የምማረው ሲስተሮች በሚያስተዳድሩት የካቶሊክ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤታችንን እወደዋለሁ። «እኛ አንድ ቤተሰብ ነን» ሲባል ነው የኖርኩት፤ እኔም አምኜበታለሁ። ዘንድሮ የመኝታ ክፍላችን ተጠሪ ሆኜ ተመርጫለሁ። አዲስ የገቡትን ማለማመድ፣ መብራት ሲጠፋ ሁሉም መተኛቱን ማየት፣ በጠዋት ጸሎት ላይ ንባብ የሚያነቡትን መመደብ የኔ ሥራ ነው።

ተደራራቢው አልጋ ላይ ከኔ ሥር የምትተኛ ጓደኛ አለችኝ። ዘንድሮ ነው የመጣችው። ካቶሊክ አይደለችም፤ እንደሷ ያሉ ሌሎች ልጆችም አሉ። መጀመሪያ ላይ በጣም ሳቂታ ነበረች። አሁን ምግብ ትታለች። ማታ ማታ ትራሱን አፏ ላይ ይዛ ስታለቅስ አልጋው ሲነቃነቅ ይሰማኛል። ቅዳሴ ላይ እኛ ለመቁረብ ስንነሳ ረድፉ ላይ ብቻዋን ትቀራለች። አንድ ቀን «እዚያች ሰዓት ላይ የዚህ ቤት ሰው እንዳልሆንኩ ይገባኛል» አለችኝ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ማታ ቀሰቀሰችኝ። መጀመሪያ ለማንም እንዳልናገር አስማለችኝ። እኔም በእመቤታችን ስም ማልኩላት። ከዚያ «ተኝቼ በዚያው ሳልነቃ ብቀር ደስ ይለኛል» አለችኝ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ የሥዕል እርሳሶቿን ከነማስቀመጫቸው ሰጠችኝ። እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የምታያቸው። «ለምን?» ስላት «ከእንግዲህ አያስፈልጉኝም» አለች።

አንድ ነገር ሞክሬያለሁ። ልናዘዝ ስገባ ለአባ ነገርኳቸው። «ቶሎ ብለሽ ለሲስተር ወይም ለትምህርት ቤቱ አማካሪ ንገሪ» አሉኝ። እኔ ግን እሳቸው ራሳቸው አንድ ነገር ያደርጋሉ ብዬ ጠበቅኩ። ምንም አላደረጉም። በማግስቱ ኮሪደር ላይ ሲያገኙኝ እንኳ ምንም እንዳልሰማ ሰው ሰላም ብለውኝ አለፉ። በጣም ተናድጃለሁ።

ብናገር ከአዳሪ እንዳያስወጧት እፈራለሁ። የምትማረው በነፃ የትምህርት ዕድል ነው። ከዚያ በኋላም መቼም አታምነኝም። ዝም ብል ደግሞ እንቅልፍ የለኝም፤ መተንፈሷን እያዳመጥኩ አነጋለሁ። ለጸሎት ስንበረከክም ሐሳቤ እሷ ጋ ነው። ውጤቴ ወርዷል። መሐላ ማፍረስ ኃጢአት እንደሆነ ነው የተማርኩት። ምን ላድርግ?

መሐላ የያዛት

*

እህቴ፣

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ሰዓት አጭር መልስ ልኬልሻለሁ። «ሳታድሪ፣ ዛሬውኑ ለአንድ ትልቅ ሰው ንገሪ» ነበር ያልኩሽ። እዚህ ሰፋ አድርጌ የምጽፍልሽ ለምን እንደዚያ እንዳልኩ እንድታውቂ ነው። ደግሞም እንዳንቺ ምስጢር ታቅፋ የምታነጋ ሌላ ልጅ ይህን ታነብ ይሆናል። ጓደኛሽን ሊያሳውቁ የሚችሉ ነገሮችን ከደብዳቤሽ ላይ ለውጫለሁ።

መጀመሪያ ስለ ራስሽ ላንሳ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ላይኛው አልጋ ላይ ተጋድመሽ የሰው ትንፋሽ ስታዳምጪ አንግተሻል። ቀን ደግሞ ተነስተሽ ክፍል ገብተሻል፣ ንባብ መድበሻል፣ አዲስ ገቢዎችን አጽናንተሻል። ይህን ማንም አላየልሽም። ደብዳቤሽን ሳነብ አንጀቴን ነው የበላሽው። እንቅልፍ ያጣሽው ጥፋት ስለሠራሽ አይደለም፤ የምትወጃትን ልጅ እንዳታጪ ስለፈራሽ ነው። እሷም ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል አንቺን የቀሰቀሰችው በዋዛ አይመስለኝም። አንቺ ጋ ስትሆን ቀለል ይላታል። ይህን ያዢልኝ፤ በኋላ ትፈልጊዋለሽ።

አሁን ወደ እርሳሶቹ ልምጣ። ደብዳቤሽን ሳነብ ቀጥ ያልኩት እዚያ ላይ ነው። «ባልነቃ» ብሎ የተናገረ ሰው የሚወደውን ዕቃ ማደል ሲጀምር ነገሩ ጊዜ የማይሰጠው ደረጃ ላይ ሊሆን ይችላል። የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች ራስን የማጥፋት ምልክት ብለው ከሚዘረዝሯቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። ምግብ መተውና የሌሊት ለቅሶም አብረው አሉ። ይህ ማለት አንድ ነገር ታደርጋለች ብዬ እርግጠኛ ነኝ ማለት አይደለም። እንዲህ ያለ ሐሳብ የመጣባቸው ብዙ ሰዎች እርዳታ አግኝተው ዛሬ በሰላም ይኖራሉ። ግን «እስቲ ትንሽ ልይ» ተብሎ የሚጠበቅ ነገር አይደለም። ፈተና እስኪያልፍ፣ ትምህርት እስኪዘጋ፣ እሷ ራሷ እስክትናገር አይጠበቅም።

እንግዲህ መሐላሽ አለ። አየሽ፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ችላ ብዬሽ ማለፍ አልፈልግም። ቃል አክባሪ መሆንሽን ወድጄዋለሁ፤ የእመቤታችንን ስም ጠርተሽ መማልሽም ለአንቺ ትልቅ ነገር እንደሆነ ይገባኛል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያን ሌሊት ስትምዪላት ምን እንደምትነግርሽ ታውቂ ነበር? አስቀድማ አስማለችሽ፣ ከዚያ ነገረችሽ። ምናልባት የቤተሰብ ጉዳይ ወይም የልብ ወሬ መስሎሽ ነበር። ሕይወቷን የሚያሰጋ ነገር ደብቄ እይዛለሁ ብለሽ አልማልሽም። እንደዚያ ብለሽ የምትምዪ ልጅም አትመስዪኝም።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ላይ ያለውን የሄሮድስን ታሪክ ታውቂዋለሽ። ንጉሡ በእንግዶች ፊት ማለ። የተጠየቀው ነገር የመጥምቁ ዮሐንስ ራስ መሆኑን ሲሰማ አዘነ። ግን «ስለ መሐላዬ» ብሎ ፈጸመው። ያን ታሪክ ሰምቶ «ጎሽ፣ ቃሉን ጠበቀ» ያለ ሰው አላውቅም። ሰው የሚጎዳበትን መሐላ መጠበቅ እምነት እንዳልሆነ ቤተ ክርስቲያንሽም ታስተምራለች። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ቁጥር 2491 ላይ በሙያ ምክንያት የሚያዙ ምስጢሮችን ያነሳል። የሐኪም፣ የጠበቃ፣ የወታደር ዓይነቱን ማለት ነው። እነዚህ መጠበቅ አለባቸው ይላል። ነገር ግን ምስጢሩን መያዝ በነጋሪው፣ በሰሚው ወይም በሌላ ሰው ላይ እጅግ ከባድ ጉዳት የሚያመጣ ከሆነና ጉዳቱን ለማስቀረት ከመናገር ሌላ መንገድ ከሌለ፣ ያኔ ይነገራል። የሐኪም ምስጢር እንኳ እንዲህ ከተባለ፣ በእኩለ ሌሊት ከእንቅልፍሽ ተቀስቅሰሽ የሰጠሽው ቃል አያስርሽም። አሁንም ልብሽ ካልረጋ ይህን ራሱን ለአባ ንገሪያቸው። ነፍስ ለማዳን ብለሽ መናገርሽን ኃጢአት ነው እንደማይሉሽ እርግጠኛ ነኝ።

ስለ አባ ስትጽፊ ንዴትሽ ከመስመሮቹ መሀል ይታያል። ማንም በአንቺ ቦታ ቢሆን ይናደዳል። ትልቁን ሸክም አውጥተሽ ለሰው ሰጠሽ፤ በማግስቱ ሰውየው ኮሪደር ላይ ሰላም ብሎሽ አለፈ። ግን ያ ዝምታ ግዴለሽነት አልነበረም። ካህን በኑዛዜ የሰማውን በቃልም ሆነ በሌላ በማንኛውም መንገድ፣ በምንም ምክንያት መግለጥ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የላቲን ሥርዓት ሕገ ቀኖና በቁጥር 983 እንዲህ ይደነግጋል። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የምሥራቅ ካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖናም በቁጥር 733 ያንኑ ይላል። ስለ ራስሽ ያወራሽው ብቻ አይደለም፣ ስለ ጓደኛሽ የተናገርሽውም እዚያው ታሽጎ ይቀራል። አባ ወደ ሲስተር ሄደው «ያቺን ልጅ ዓይናችሁን ጣሉባት» ማለት አይችሉም። በነጋታው አስቁመው «እንዴት ሆነች?» ብለው ሊጠይቁሽም አይችሉም፣ አንቺ ራስሽ ካላነሳሽው። ቤተ ክርስቲያን በዚህ ጉዳይ ምን ያህል እንደምትጠነቀቅ ለማየት ከፈለግሽ፣ ያው የላቲኑ ሕግ ቁጥር 985 የአዳሪ ትምህርት ቤት ኃላፊ የሆነ ካህን አብረውት የሚኖሩትን ተማሪዎቹን እንዳያናዝዝ ያዛል። ተማሪው በራሱ ፈቃድ በተለየ አጋጣሚ ከጠየቀ ብቻ ነው የሚፈቀደው። የሚገዛሽ ሰው ሌላ፣ የሚያናዝዝሽ ሰው ሌላ እንዲሆን ነው።

ስለዚህ አባ በእጃቸው የነበረችውን አንዲት ነገር አድርገዋል፤ «ቶሎ ንገሪ» ብለውሻል። ለእሳቸውም ቀላል ሌሊት አልነበረም ብዬ አስባለሁ። ከኑዛዜ ውጭ ቢሯቸው ገብተሽ «አባ፣ ይህን አሁን በንስሐ ሳይሆን እንዲሁ ነው የማወራዎት፤ እርዳታዎን እፈልጋለሁ» ብለሽ እንደገና ከነገርሻቸው ግን እጃቸው ይፈታል። ያኔ አብረውሽ ሲስተር ጋ ሊሄዱ ይችላሉ። ይህን ልዩነት ብዙ ተማሪዎች አያውቁትም። በየካቶሊክ ትምህርት ቤቱ በመጀመሪያው ሳምንት ለአዲስ ገቢዎች ቢነገር እመኛለሁ። ኑዛዜ ለነፍስሽ ነው። የሚንቀሳቀስ፣ የሚደውል፣ ሐኪም የሚጠራ ሰው ስትፈልጊ ከኑዛዜው ውጭ ተናገሪ።

ለማን ትንገሪ? ከሁሉም ይበልጥ ለአንቺ የሚቀርብሽ የትኛው ነው? ሌሊት አሞሽ ብትነሺ የማንን በር ታንኳኪያለሽ? መጀመሪያ የመጣልሽ ሰው እሱ ነው። የመኝታ ክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ሊሆኑ ይችላሉ። የትምህርት ቤቱ አማካሪ፣ የክፍል ኃላፊ መምህርሽ ወይም ነርሷ ሊሆኑ ይችላሉ። ማንም ይሁን፣ ዛሬ የምታገኚው ሰው ይሁን።

ስትናገሪ አታለሳልሺው። ሰው ሲፈራ «ትንሽ ከፍቷታል፣ ቢያዩዋት» ይላል፤ ሰሚውም «ቤት ናፍቋት ነው» ብሎ ያልፈዋል። ለኔ እንደጻፍሽው ቁልጭ አድርገሽ ንገሪያቸው። «ከሦስት ሳምንት በፊት ሳልነቃ ብቀር ደስ ይለኛል ብላኛለች። ምግብ ትታለች። ሌሊት ታለቅሳለች። ባለፈው ሳምንት በጣም የምትወዳቸውን እርሳሶች ከእንግዲህ አያስፈልጉኝም ብላ ሰጠችኝ። ሕይወቷን እንዳታጠፋ እፈራለሁ።» ድምፅሽ ከተቆራረጠ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ስጪያቸው። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠይቂ፤ «ዛሬ ማታ ከእሷ ጋር ማን ይሆናል?» መልሱን ሳትሰሚ አትውጪ። ተራ ጥያቄ ይመስላል፣ ግን ነገሩን ከወሬ ወደ ሥራ የሚያሸጋግረው እሱ ነው።

ምናልባት የመጀመሪያው ሰው በትክክል ላይሰማሽ ይችላል። ይሄ እንዳያስደነግጥሽ አስቀድሜ ልንገርሽ። አንዳንዱ ይደነግጥና «በሉ እንጸልይላት» ብሎ ይሸኝሻል። መጸለይ ጥሩ ነው፤ እኔም እጸልይላታለሁ። ግን እግሩ የተሰበረ ልጅ ላይ ተጸልዮ ሐኪም ቤት መውሰዱ አይቀርም። ይህም ሕመም ነው፤ ሐኪም አለው። «እንዲህ ማሰብ ኃጢአት ነው» ብሎ እሷን መገሠጽ የሚፈልግ ካለም ትምህርተ ክርስቶሱ ቁጥር 2282 ላይ ከባድ የአእምሮ መታወክና ጭንቀት የሰውን ተጠያቂነት ሊቀንስ እንደሚችል መጻፉን ያስታውስ። ልጅቷ አሁን የሚያስፈልጋት የሚያቅፋት እንጂ የሚወቅሳት ሰው አይደለም። የመጀመሪያው ሰው ካልሰማሽ ወደ ሁለተኛው ሂጂ። ሁለተኛውም ካልሰማ ርዕሰ መምህሯ ጋ ግቢ፣ ወይም ለእናትና አባትሽ ደውይና እነሱ ትምህርት ቤቱ ጋ ይደውሉ። አንቺ ትንሽ ልጅ ስለሆንሽ ጉዳዩ ትንሽ አይሆንም።

ለጓደኛሽስ አስቀድመሽ ትነግሪያት? ሁለት መንገድ አለ፤ እሷን የምታውቂያት አንቺ ነሽ። የምመርጠው አብራችሁ እንድትሄዱ ነው። ብቻችሁን ስትሆኑ «የነገርሽኝን ብቻዬን መያዝ አቃተኝ። ስለምወድሽ ነው። ነይ አብረን አማካሪዋ ጋ እንሂድ፣ በሩ ላይ እጠብቅሻለሁ» በያት። እሺ ካለች እሰየው። እምቢ ካለችም «ገባኝ፣ ግን እኔ እነግራለሁ» በያትና ሂጂ። ቀድማ ካወቀች ትደበቃለች ወይም አንድ ነገር ታደርጋለች ብለሽ ከሰጋሽ ግን አታማክሪያት። በቀጥታ ሄደሽ ተናገሪ፣ ከዚያ እነሱ ያናግሯት። ይህን ክህደት አትበዪው።

በመሀል እሷ ራሷ ጨዋታውን ካነሳችው በግልጽ ለመጠየቅ አትፍሪ። «ራስሽን ለማጥፋት እያሰብሽ ነው?» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን ያመጣባታል ብለው ብዙ ሰዎች ይፈራሉ። ትክክል አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ይህን ፍርሃት ከተሳሳቱ እምነቶች አንዱ ብሎ ነው የሚያስቀምጠው። ብዙ ጊዜ የተጠየቀው ሰው «በመጨረሻ አንድ ሰው ገባው» ብሎ እፎይ ይላል። ስትመልስልሽ አትከራከሪያት። «ስንት ነገር አለሽ እኮ» አትበያት። ስሚያት ብቻ። «አዎ፣ ዛሬ» የሚል ነገር ከሰማሽ ወይም ሁኔታዋ ካስፈራሽ አንዲት ደቂቃም ብቻዋን አትተያት። ሌላ ልጅ ልከሽ ሲስተርን አስቀስቅሺ፣ ካልሆነም ጩኺ። መብራት ጠፍቷል፣ ዝምታ ታዟል ብለሽ አትጨነቂ። እንዲህ ያለ ሌሊት ላይ የመኝታ ክፍል ደንብ አይሠራም። ትልልቆቹ ወደ ሆስፒታል ወይም ወደ ድንገተኛ አደጋ ስልክ ይደውላሉ።

ከአዳሪ ያስወጧታል ብለሽ መፍራትሽ ተገቢ ነው፤ «በፍጹም አያስወጧትም» ብዬ ላታልልሽ አልችልም። ለተወሰነ ጊዜ ወደ ቤተሰቧ ልትላክ፣ ሐኪም ልታይ፣ ፈተና ሊያመልጣት ይችላል። እሷም መጀመሪያ ላይ እንደ ቅጣት ልታየው ትችላለች። አንቺ ግን ከሲስተር ጋር ስትነጋገሪ ይህንንም አብረሽ ማንሳት ትችያለሽ። «ነፃ የትምህርት ዕድሏን እንዳታጣ፣ ስትድን ቦታዋ እንዲጠበቅላት እለምናችኋለሁ» በያቸው። ስለታመመች ተማሪ እንዲህ ተብሎ መለመን ነውር የለውም። ደህና ትምህርት ቤት የታመመን ልጅ አያባርርም፤ አሳክሞ ይመልሳል። ደግሞ ሚዛኑን እይው። ቤቷ የሄደች ጓደኛ ይደወልላታል፣ ትጠየቃለች፣ በሚቀጥለው ዓመትም ልትመለስ ትችላለች። ሌላኛውን ስጋት ግን ምንም አይመልሰውም።

ትቆጣሻለች። ምናልባት «አሳልፈሽ ሰጠሽኝ» ትልሻለች፣ ታኮርፍሻለች፣ ዓይንሽን ማየት ትጠላለች። ያን ቀን ራስሽን ለመከላከል ብዙ አትናገሪ። «ብትቆጪኝም ይሻለኛል። እዚሁ ነኝ» በያት፣ ከዚያ ተያት። ሰላምታሽን አታቋርጪ። ቀደም ሲል ያዢልኝ ያልኩሽን እዚህ ላይ አምጪው፤ ያን ሌሊት የቀሰቀሰችው አንቺን ነበር። ሰው መትረፍ ጨርሶ ካልፈለገ ማንንም አይቀሰቅስም ብዬ አምናለሁ። አንዱ ልቧ እንድትሰሚያት ፈልጎ ነበር። ቁጣው ምን ያህል እንደሚቆይ ግን ማወቅ አልችልም። ወዳጅነታችሁ እንደ ድሮው ላይሆን ይችላል። ይህ እንደሚያምሽ አውቃለሁ።

ስለ ቅዳሴው የነገርሽኝ ነገርም ከአእምሮዬ አልወጣም። ሁሉም ተነስቶ ሲሄድ አንዲት ልጅ ብቻዋን ረድፉ ላይ ትቀራለች። በየሳምንቱ፣ በሁሉም ፊት። ይህ የሕመሟ ምክንያት ነው ማለት አይቻልም፣ እሱን ብናስተካክል ትድናለች ብለሽም እንዳታስቢ። ግን ማኅበረሰብ የሚባለው ነገር የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ቁርባኑ የካቶሊኮች መሆኑ ሥርዓት ነው፤ ብቻዋን መቀመጧ ግን ሥርዓት አይደለም። እሷን የሚመስሉ ሌሎች ልጆች ካሉ ለምን አብረው አንድ ረድፍ ላይ አይቀመጡም? የማይቆርቡ ሰዎች እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ከሌሎቹ ጋር ወጥተው ቡራኬ የሚቀበሉባቸው ቦታዎችም አሉ። በእናንተ ዘንድ ይቻል እንደሆነ አባን ጠይቂያቸው፤ ደግሞ እሷ ከፈለገች ብቻ። እንድትወጣ መገፋፋት መቀመጧን ከማየት ይብሳል።

እ.ኤ.አ. በ1965 ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ስለ ትምህርት ባወጣው መግለጫ የካቶሊክ ትምህርት ቤት የተለየ ሥራው የነፃነትና የፍቅር መንፈስ ያለበት ማኅበረሰብ መፍጠር ነው ብሏል። ከዚያም በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1884፣ የሳሌዥያን ማኅበር መሥራች የሆነው ካህን ዶን ቦስኮ ከሮም ሆኖ ቱሪን ላሉት የማኅበሩ ወንድሞች አንድ ደብዳቤ ጽፎ ነበር። ቅሬታው ምን መሰለሽ? መምህራኑ በዕረፍት ሰዓት ከልጆቹ መሀል ጠፍተዋል፤ ልጆቹን ይወዷቸዋል፣ ልጆቹ ግን መወደዳቸውን አያውቁትም የሚል ነው። ይህን ያነሳሁልሽ «አንድ ቤተሰብ ነን» የሚለው ቃል ውሸት ሆኖ እንዳይታይሽ ነው። ግን ቤተሰብነቱን የመሸከሙ ሥራ ሳይታወቅ አንቺ ላይ ብቻ ወድቋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? እነዚያ ሲስተሮች፣ አማካሪዋ፣ መምህራኑ፣ አባ፣ ሁሉም ያሉት ለዚህ ነው። የአንቺ ተጠሪነት መብራት መጥፋቱን ማየትና አዲስ ገቢ ማለማመድ ነው። የሰው ሕይወት ሌሊቱን ሙሉ መጠበቅ በዝርዝሩ ውስጥ የለም፣ ሊኖርም አይገባም።

ስለዚህ ከተናገርሽ በኋላ ለራስሽም የምትጠይቂው ነገር አለ። የሌሊቱን ጥበቃ ትልልቆቹ ይውሰዱት። አንቺ ለጊዜው ሌላ አልጋ ላይ፣ ቢቻል ሌላ ክፍል እንድትተኚ ጠይቂ። በአንቺ ዕድሜ ላለ ሰው በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል፤ አንቺ ለሳምንታት ግማሹን እንኳ ያገኘሽ አይመስለኝም። ውጤትሽ የወረደው ስለሰነፍሽ አይደለም። ይህን የክፍል ኃላፊሽ ቢያውቁት ጥሩ ነው፤ የጓደኛሽን ጉዳይ ሳትነግሪያቸው «ከባድ ነገር ውስጥ ነበርኩ፣ አማካሪዋ ያውቃሉ» ማለት ብቻ ይበቃል። ተጠሪነቱንም ለጥቂት ሳምንታት ለምክትልሽ አስረክቢ። ልጆቹ ምን ሆና ነው ብለው ይጠይቁ ይሆናል። «ትንሽ ማረፍ ፈልጌ ነው» በያቸውና እለፊው። የጓደኛሽን ነገር ለእነሱ አትንገሪ። የተናገርሽው እርዳታ ለሚሰጡት ነው፤ ለመኝታ ክፍሉ ወሬ አይደለም።

ከአማካሪዋም ጋር ለራስሽ ብቻ ቀጠሮ ያዢ። ስለ ጓደኛሽ ለማውራት ሳይሆን ስለ አንቺ። ምን ብዬ ልጀምር ካልሽ፣ «ሦስት ሳምንት አልተኛሁም፣ ሌሊት የሰው ትንፋሽ ሳዳምጥ ነው የማነጋው» ብለሽ ጀምሪ። የቀረውን እሷ ትጠይቅሻለች።